ከውሃ በታች ያለ እርሻ፤ የቻምፓኩላም መንደርና የኩታናድ ሕዝብ ታሪክ

በሕንድ አገር ደቡብ ምዕራብ፥ በኬራላ ግዛት፥ አላፑዛ ከሚባለው የወደብ ከተማ በስተምሥራቅ ኩታናድ የሚባል ዝቅተኛ አገር አለ። የእርሻው መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ዝቅታውም እንደ ቦታው ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከምዕራብ ጋት ተራሮች የሚወርዱት ፓምፓ፥ ማኒማላ፥ አቻንኮቪልና ሚናቺል የተባሉት አራት ወንዞች ቬምባናድ ወደሚባለው ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በዚህ አገር ላይ እየተከፋፈሉ ይፈሳሉ። ስለዚህ ሰው ከቤቱ ወደ እርሻው፥ ከእርሻው ወደ ገበያ፥ ሙሽራይቱም ወደ ባልዋ ቤት ስትሄድ ለብዙ ዘመን መንገዱ ውሃ፥ መጓጓዣውም ታንኳ ነበር። ቻምፓኩላም በዚሁ አገር በፓምፓ ወንዝ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ ዳር ያለ የእርሻ መንደር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በሐሳብ የሚመጣው፥ ሕዝቡ በደረቅ መሬት ሰፍሮ ከወንዙ ውሃ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ነው። በቻምፓኩላም ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ገበሬው ውሃ አይጠልፍም፤ ውሃ ያባርራል። ወንዙ በጎርፍ ጊዜ ይዞት የሚመጣውን ደለል በሁለቱ ዳርቻዎቹ ላይ ስለሚጥል ከፍ ያለው ቦታ የወንዙ ዳር ራሱ ነው፤ ቤቶቹም፥ ቤተ ክርስቲያኑም፥ የኮኮናቱ ዛፍም የሚታዩት በዚህ ቀጭን የመሬት መቀነት ላይ ነው። ሰው በደጃፉ ወንዝ፥ በጓሮው እርሻ አለው፤ እርሻው ግን ከወንዙ ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የጭቃ ክትር ከተደረመሰ የዓመቱ ምርት በአንድ ሌሊት ሐይቅ ሆኖ ያድራል። ሕዝቡ ለዚህ ዓይነቱ የክትር መናድ ማዳ የሚል ስም አለው፤ በኩታናድ ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያስደነግጥ ቃል አለ ለማለት ያስቸግራል።

የአገሩ ሰዎች መሬታቸውን በሦስት ይከፍሉታል። ካራፓዳም የሚሉት በወንዞቹ ዳር ያለውን ደለል የለበሰ እርሻ ነው፤ ካራ ማለት ዳርቻ ማለት ነውና። የቻምፓኩላም አሮጌ እርሻ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ይቈጠራል። ካሪ የሚሉት ደግሞ ከሰል የመሰለ ጥቁር አፈር ያለበትን ነው፤ ከሥሩ ያልበሰበሰ እንጨት ይገኛል፤ አፈሩም ኮምጣጣ ስለ ሆነ ውሃ ደጋግሞ እያስገቡና እያስወጡ ካላጠቡት፥ ከሐይቁ ዛጎል የተቃጠለ ኖራም ካልበተኑበት ሩዙን ያቃጥላል። ሦስተኛው ካያል ነው፤ ይህም ማለት ሐይቅ ማለት ሲሆን፥ ስሙ እንደሚያመለክተው ከቬምባናድ ሐይቅ ወለል ላይ በሰው ጕልበት የተነጠቀ መሬት ነው። የዚህ የሦስተኛው መሬት ታሪክ ከሌሎቹ ይልቅ የተጻፈለትም፥ የተከራከሩበትም ነው።

ዋናው ሰብል ፑንጃ ይባላል። በአገሩ ላይ ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንደኛው ከሰኔ ጀምሮ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ከባዱ ዝናም፥ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነው። በመጀመሪያው ዝናም ጊዜ እርሻው ሁሉ በውሃ ተውጦ ይሰነብታል። ጎርፉ ጋብ ሲል ገበሬዎች የክትሩን ዙሪያ በታንኳ እየዞሩ ይመረምራሉ፤ የተሸረሸረውን ይጠግናሉ፤ ከዚያ በኋላ በውስጡ የቀረውን ውሃ ማውጣት ይጀምራሉ። በአንድ ክትር ውስጥ ያሉት ማሳዎች የብዙ ሰዎች ቢሆኑም ውሃው አንድ ስለ ሆነ ማንም ለብቻው ማድረቅ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ክትር የተከበቡት ማሳዎች በአንድነት ፓዳሼካራም ተብለው ይጠራሉ፤ የክትሩ ወጪ፥ ውሃው የሚወጣበት ቀንና የሚዘራበት ቀን በጋራ ይቈረጣል። እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ጎረቤታሞች እንኳ በዚህ ነገር ከመነጋገር በቀር ምርጫ የላቸውም።

ዘሩ በከረጢት ተሞልቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ወጥቶ ታፍኖ እስኪያጐነቍል ይቈያል። ያጐነቈለው ዘር በለሰለሰው ጭቃ ላይ በእጅ ይበተናል። ቡቃያው ከሳሳበት ቦታ ላይ ከበዛበት እየነቀሉ መትከልና ማረም የሴቶች ሥራ ነበር። ከአረሙ ሁሉ የሚከፋው ቫሪ የሚባለው የዱር ሩዝ ነው፤ በቡቃያነቱ ከእውነተኛው ሩዝ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ ፍሬውም ከአጨዳ በፊት ረግፎ ለሚመጣው ዓመት ራሱን ይዘራል። እርሻው የሚታረሰው በበሬና በጎሽ ሲሆን እንስሶቹ ከክትር ወደ ክትር የሚሻገሩት በታንኳ ተጭነው ነበር። ማሳው የሚለካውም በጥማድ ሳይሆን በሚፈጀው ዘር ነው፤ ፓራ የሚባለው መስፈሪያ 10 ኢዳንጋዚ ሲይዝ፥ አንድ ፓራ ዘር የሚፈጅ ማሳ በዚያው መስፈሪያ ስም ይጠራ ነበር። አጨዳው በየካቲትና በመጋቢት ይደርሳል። ከዚያ በላይ መቈየት አይቻልም፤ ምክንያቱም በበጋው ወራት የወንዞቹ ኀይል ሲደክም የባሕር ጨው በሐይቁ በኩል ወደ ላይ ይገባል። እንግዲህ የኩታናድ ገበሬ ሰብሉን የሚያደርሰው በሁለት ጠላቶች መካከል በተገኘች ጠባብ ጊዜ ነው፤ ከኋላው ጎርፉ፥ ከፊቱ ጨው አለ።

ውሃ የማውጣቱ ሥራ በአሮጌው ዘመን የሚከናወነው ቻክራም በሚባል የእንጨት መንኰራኵር ነበር። መንኰራኵሩ በክትሩ ውስጥ በተከፈተ ቦይ ላይ ይተከላል፤ ውሃውን የሚገፉት ሳንቃዎቹ በአገሩ ቋንቋ ቅጠል ይባላሉ፤ ትንሹ መንኰራኵር 4 ቅጠል፥ ትልቁ እስከ 24 ቅጠል ነበረው። ሠራተኞቹ ከመንኰራኵሩ በላይ በታሰረ የቀርከሃ መደገፊያ ላይ ተቀምጠው ቅጠሎቹን በእግራቸው እየረገጡ ያዞሩታል። ሥራው ለብዙ ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ የሚቀጥል ስለ ሆነ በፈረቃ ይተካካሉ፤ እንቅልፍ እንዳይጥላቸውም የሚዘፍኑት የተለየ ዘፈን ነበራቸው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ብራንተን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአላፑዛ ፔቲና ፓራ የተባለውን የውሃ መግፊያ አስገባ። ይህ መሣሪያ የእንጨት ሣጥንና በርሜል የመሰለ ግንድ ያለው፥ በውስጡ የሚሽከረከር ምላጭ የተገጠመለት ነው፤ በመጀመሪያ በእንፋሎትና በዘይት ሞተር፥ በኋላም በኤሌክትሪክ ይሠራ ጀመር። አሠራሩ ቀላል፥ ጥገናውም በመንደር አናጢ እጅ የሚያልቅ በመሆኑ በሌላ አገር ተረስቶ በሙዚየም የሚቀመጥ ዓይነት መሣሪያ በኩታናድ እስከ አሁን ድረስ ሥራ ላይ ነው። ለካያል እርሻ መስፋፋት ከማናቸውም አዋጅ የበለጠ የረዳው ይህ የእንጨት ሣጥን ሳይሆን አይቀርም።

ክትሩ እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የአገሩ ታሪክ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። በሐይቁ ውስጥ መሥመር ተይዞ የኮኮናት ግንድ በሁለት ረድፍ ወደ ጭቃው ይተከላል። በረድፎቹ የውስጥ ጐን በቀርከሃ የተሠራ ሰሌን ይታሰራል። በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ አሸዋ፥ ቅርንጫፍና ቅጠል፥ በላዩም የሸክላ ጭቃ እየተደራረበ ይሞላል። ጭቃው የሚመጣው ከሐይቁ ወለል ነው። ሠራተኞቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ሥር ይጠልቃሉ፤ ጭቃውን በጓል በጓሉ ቈርጠው ይዘው ይወጣሉ፤ ታንኳ ላይ ይጭናሉ፤ እንደገና ይጠልቃሉ። የአንድ ክትር ርዝመት ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ሥራ የሠሩት ከሁሉ በላይ ፑላያ የተባሉት የዝቅተኛው ወገን ሰዎች ናቸው።

በኩታናድ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ነገር አለ። ማዳ በወደቀ ጊዜ፥ ጭቃውና ግንዱ ሁሉ ውሃውን ማቆም ባቃታቸው ሰዓት፥ ከፑላያዎቹ አንዱ በፈረሰው ቦታ ውስጥ ይቀበር ነበር፤ ክትሩም የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። የጽሑፍ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ይህን ተረት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ግንብ ወይም ድልድይ የሰው ደም ካልጠጣ አይቆምም የሚል ወሬ በብዙ አገሮች የሚገኝ ነውና። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ መዝጋቱ ትክክል አይደለም። መዝገብ ይጽፉ የነበሩት ባለርስቶቹና የመንግሥት ሹሞች ናቸው፤ የሚቀበረው ሰው ግን ማንበብና መጻፍ የተከለከለ ነበር። በሌላውም በኩል፥ በናዳ ቦታ ላይ በጨለማ ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ጭቃው ሳይናድባቸው ሁሉም በደኅና ይወጡ ነበር ብሎ ማመን ከተረቱ ይልቅ ይከብዳል። ታሪኩ የአንድ ቀን ሥርዐት ትዝታ ባይሆን እንኳ፥ ክትሩ በማን ሕይወት ላይ እንደ ቆመ የሚያውቁ ሰዎች ያቆዩት ምስክርነት ነው።

ወደ ጥንቱ ዘመን ስንመለስ፥ ቻምፓኩላም የምትገኝበት አገር ቼምባካሴሪ በሚባል ትንሽ መንግሥት ሥር ነበረ። የመንግሥቱ መቀመጫ በአምባላፑዛ ሲሆን የክሪሽና ቤተ መቅደስ ዛሬም በዚያ አለ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ለዚህ ቤተ መቅደስ የተዘጋጀው ምስል ነውር እንዳለበት ስለ ታወቀ ንጉሡ በኩሪቺ ካለው ከካሪንኩላም ቤተ መቅደስ ሌላ ምስል እንዲመጣለት አዘዘ። ምስሉን በታንኳ ይዘው ሲመለሱ ቻምፓኩላም ላይ ሲደርሱ መሸባቸው፤ ማፒላሴሪ በሚባለው የክርስቲያን ቤተሰብ ቤት ውስጥም አሳደሩት። በማግሥቱ ንጉሡና ሕዝቡ በብዙ ታንኳ መጥተው በሆታ አጅበው ወሰዱት። የመንደሩ ሰዎች ይህ የሆነው በ1545 ነው ይላሉ። በዚያ መታሰቢያነት ሚቱናም በሚባለው ወር፥ ይኸውም በሰኔና በሐምሌ መካከል፥ ሙላም በተባለው ቀን በፓምፓ ላይ የታንኳ ውድድር ይደረጋል። በኬራላ የየዓመቱ የውድድር ወራት የሚከፈተው በዚሁ በቻምፓኩላም ውድድር ነው።

ቹንዳን የተባለው የውድድር ታንኳ ርዝመቱ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሲሆን የኋላው ጫፍ እንደ እባብ አንገት ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀዛፊዎቹ 100 ገደማ ናቸው። ታንኳው በመጀመሪያ የታሰበው ለጦር ነው ይባላል። ቼምባካሴሪ የተንቀሳቀሰ ሠራዊት ሁሉ በውሃ የሚሄድበት አገር ስለ ነበረ ይህ የሚታመን ነው። መንግሥቱ በ1746 በትራቫንኮሩ ንጉሥ በማርታንዳ ቫርማ እጅ ወድቆ ከትራቫንኮር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የጦሩ ታንኳ የበዓል ታንኳ ሆነ። በ1952 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ወደ አላፑዛ በመጡ ጊዜ ለክብራቸው በተደረገው ውድድር እጅግ ተደስተው ከአሸናፊው ታንኳ ላይ ዘለው እንደ ወጡና በኋላም የብር ዋንጫ እንደ ላኩ የታወቀ ነው፤ በስማቸው የሚጠራው ትልቁ ውድድር ከዚያ ተጀመረ።

የቻምፓኩላምን አፈ ታሪክ የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት፥ የሂንዱ ምስል በክርስቲያን ቤት ማደሩን ነው፤ በእርግጥም በአገሩ ስለ ነበረው የሃይማኖቶች ጎረቤትነት ብዙ ይናገራል። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ መታየት አለበት። ምስሉን ሊያሳድር የሚችለው ክርስቲያን በሕዝቡ ዘንድ እንደ ከፍተኛ ወገን ይቈጠር ነበር። ምስሉ ሲያልፍ ግን በክትሩ ላይ በጎጆ የሚኖረው ፑላያ፥ እንኳን በቤቱ ሊያሳድረው፥ ርቆ ካልቆመ በቀር ሊያየውም አይፈቀድለትም ነበር። በአፈ ታሪኩ ውስጥ እርሱ የለም።

ስለ ክርስቲያኖቹ ጥቂት ማለት ይገባል። የኬራላ ክርስቲያኖች ወንጌልን ከሐዋርያው ቶማስ እንደ ተቀበሉ ያምናሉ፤ በ52 ዓ.ም. እንደ መጣም ይናገራሉ። ሐዋርያው መሠረታቸው ከሚባሉት ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ኒራናም የሚገኘው ከኩታናድ በላይኛው ዳርቻ ነው። የቻምፓኩላም የማርያም ቤተ ክርስቲያን በ427 እንደ ተመሠረተ በትውፊት ይነገራል። ፖርቱጋሎች መጥተው ሕዝቡን ለሮማ ካስገበሩ በኋላ በ1653 ትልቅ መለያየት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የቻምፓኩላም ምእመናን በአብዛኛው ካቶሊኮች ሲሆኑ፥ የኒራናም ወገን ከአንጾኪያ ጋር በተያያዘው በኦርቶዶክሳዊው መንገድ ቀጠለ። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሕዝብ ፈጽሞ የማያውቀው አይደለም። በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ላይ የሕንዱ ካቶሊኮስ ባሴሊዮስ አውገን 1ኛ ከተሰበሰቡት አባቶች አንዱ ነበሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮም በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የኬራላ ተወላጆች ነበሩ። በኩታናድ በኤዳቱዋ ከተማ በፓምፓ ዳር ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ሲነግሥ፥ አጨዳው ካለቀ በኋላ ነውና፥ ከታሚል አገር ሳይቀር ምእመናን ይጐርፉበታል፤ የኢትዮጵያም የሚያዝያ ጊዮርጊስ በዚያው ሰሞን መዋሉ የሚያስገርም ግጥምጥም ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ነገር እንመለስ። በትራቫንኮር የሰው ልጅ እንደ ከብት የሚሸጥበት ሥርዐት በሕግ የቀረው በ1855 ነው። ከዚያ በኋላ በ1865 በወጣው አዋጅ የመንግሥትን መሬት የያዙ ጭሰኞች መሬቱን የመሸጥና የማውረስ ሙሉ መብት አገኙ። እነዚህ ሁለት አዋጆች አንድ ላይ ሲታዩ ውጤታቸው አስገራሚ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ላለው ሰው መሬት ለማቅናት ምክንያት ሰጠው፤ የመጀመሪያው ግን ነጻ ለወጣው ሰው መሬት አልሰጠውም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ፥ ይልቁንም ከ1880ዎቹ ጀምሮ፥ ከናይር ወገንና ከሶርያ ክርስቲያኖች የተነሡ ባለገንዘቦች ወደ ሐይቁ እየገቡ ክትር ያስገድቡ ጀመር። በ1903 የማድራስ መንግሥት ሐይቁ ከጠበበ የኮቺን ወደብ ይደፈናል ብሎ ስለ ሰጋ ሥራው ተከለከለ፤ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ክልከላው ተነሥቶ ሥራው ከፊተኛው በበለጠ ቀጠለ። አዲሶቹ መሬቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተሰየሙ።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ትራቫንኮር ሩዝዋን በብዙው ከበርማ ታስመጣ ነበር፤ በ1942 ጃፓኖች በርማን በያዙ ጊዜ ያ መንገድ ተዘጋ፤ አገሩም ተራበ። በዚህን ጊዜ ጆሴፍ ሙሪከን የተባለ የካቫላም ባለርስት በሐይቁ ጥልቅ ቦታ ላይ ክትር አስገድቦ ሦስት ሰፋፊ እርሻዎችን አቀና፤ ለንጉሡ ቤተሰብ ክብርም ቺቲራ፥ ማርታንዳምና ራኒ ብሎ ሰየማቸው። ሰውዬው ደፋርና አዋቂ ሠራተኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ለተራበ አገር የሩዝ መሬት መስጠቱም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በሐይቁ ላይ ከቀሩት ስሞች፥ ከፊደላቱም ሆነ ከነገሥታቱ ስሞች መካከል፥ የጠለቀው ሰው ስም አይገኝም።

የፑላያው ኑሮ እንደሚከተለው ነበር። ጎጆው ራሱ በክትሩ ላይ ተሠርቶ ስለሚቆም፥ ማዳ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ፥ መጀመሪያ የሚሮጠውም እርሱ ነው። ጎጆው የተሠራበት መሬት የጌታው በመሆኑ ከሥራው ቢለይ ከቤቱም ይለያል። በጌታው ፊት «እኔ» አይልም፤ «አዲያን» ይላል፤ ትርጓሜውም «ባሪያው» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ ሌላ 100 ዓመት ያህል በአፍ ላይ ቈየ። ደመወዙ በሩዝ ይሰፈርለታል። በኩታናድ ተወልዶ ያደገው ታላቁ የማላያላም ደራሲ ታካዚ ሲቫሳንካራ ፒላይ በ1948 ስለነዚህ ሠራተኞች ለጻፈው ልብ ወለድ ራንዲዳንጋዚ የሚል ስም ሰጠው፤ ሁለት ኢዳንጋዚ ማለት ነው፤ ይኸውም የቀኑ ሥራ ዋጋ የሆነው ሁለት መስፈሪያ ያልተፈተገ ሩዝ ነው። በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ከአውድማው ላይ ድርሻ ይወጣላቸዋል። ሴቶቹ በማጭድ ያጭዳሉ፤ ነዶውን ተሸክመው ወደ ታንኳ ያደርሳሉ፤ በእግር አሽተው ይወቃሉ። የተሰፈረው ሩዝ በባለርስቱ ቤት ፓታያም ወደሚባለው የእንጨት ጎተራ ይገባል። መስፈሪያው የማን ነው? ሰፋሪውስ ማን ነው? በሠራተኛውና በባለርስቱ መካከል የነበረው ጠብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነበር።

ለውጡ ከብዙ አቅጣጫ መጣ። በቬምባናድ ሐይቅ ዳር ባለችው በቫይኮም ከ1924 እስከ 1925 ዝቅተኛ የተባሉት ወገኖች በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባለው መንገድ ለማለፍ እንዲፈቀድላቸው ትልቅ የሰላም ትግል ተደረገ፤ በኅዳር 12 ቀን 1936 የትራቫንኮር ንጉሥ ለሂንዱዎች ሁሉ የቤተ መቅደስ በር እንዲከፈት አዋጅ አወጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የኩታናድ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ማኅበሩ ከመሪዎቹ ንግግር ይልቅ ኀይል ያገኘው ከእርሻው ጠባይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሌላ አገር ሠራተኛ ሥራ ቢያቆም ሰብሉ ይዘገያል፤ በኩታናድ ግን የደረሰ ሩዝ ሳይታጨድ አንድ ሳምንት ቢቈይ፥ ወይም ማዳ በወደቀበት ሌሊት ጭቃ የሚይዝ ሰው ቢታጣ፥ ምርቱ ሁሉ ይጠፋል። ባለርስቱን ሀብታም ያደረገው ውሃ ሠራተኛውንም ተፈሪ አደረገው።

የኬራላ ግዛት በኅዳር 1 ቀን 1956 ከተቋቋመ በኋላ በ1957 በምርጫ ሥልጣን የያዘው የኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ መንግሥት ሥራውን የጀመረው ጭሰኞች እንዳይፈናቀሉ በመከልከል ነው፤ መንግሥቱ በ1959 ቢሻርም ነገሩ አልቀረም። በ1969 የወጣውና ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ የጸናው የመሬት ሕግ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውን መሬት ወሰነ፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ያለው ሠራተኛም በገጠር እስከ አንድ ኤከር አሥረኛ እጅ ድረስ ያለውን ቦታ በጥቂት ዋጋ ገዝቶ የራሱ እንዲያደርግ መብት ሰጠው። የሙሪከን ሰፋፊ እርሻዎች ከወሰኑ በላይ ሆነው ስለ ተገኙ በ1970ዎቹ ተወስደው ለሠራተኞች ተከፋፈሉ። በ1974 ደግሞ ስለ እርሻ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት፥ ደመወዝና ዋስትና ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ። ሕጉ ካስገኛቸው ነገሮች ሁሉ በሠራተኛው ሕይወት ውስጥ ታላቁ ግን ያቺ ትንሽ የጎጆ ቦታ ሳትሆን አትቀርም። ጌታው «ጎጆህን ንቀል» ሊለው የማይችል ሰው ቀና ብሎ ይናገራል።

የካያሉ እርሻ ዕጣ ግን እንዲህ የተቃና አልሆነም። ትናንሽ ድርሻ የደረሳቸው ሰዎች ያንን ሁሉ ክትር ለመጠገን የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ አንዳንዱ ቦታ ዓመት ከዓመት ሳይታረስ በውሃ ውስጥ ቀረ። ይህን እያዩ የመሬቱን ክፍፍል የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ነቀፋው የሚዘነጋው፥ ባለርስቶቹም ቢሆኑ ክትሩን ሲጠግኑ የኖሩት በገንዘባቸው ብዛት ሳይሆን ሁለት መስፈሪያ ሩዝ ብቻ በሚከፈለው ጕልበት መሆኑን ነው። ጕልበቱ ዋጋውን ሲያገኝ የእርሻው ሒሳብ አልመጣ አለ።

ሌላው ለውጥ የመሐንዲሶች ሥራ ነው። በ1955 በቶታፓሊ የጎርፉን ውሃ ወደ ባሕር የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ተሠራ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በታኒርሙኮም በሐይቁ ወገብ ላይ በሮች ያሉት ረጅም ግድብ ተጠናቀቀ፤ በበጋ ወራት በሮቹ ተዘግተው የባሕሩን ጨው ይከለክላሉ። ለሩዝ ገበሬው ይህ ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ በማንኮምቡ ያለው የሩዝ ምርምር ጣቢያ ካወጣቸው ዝርያዎች፥ ይልቁንም ኡማ ከተባለው፥ ጋር ተባብሮ ምርቱን ረዳ። የዘመናዊው የሕንድ እርሻ ታላቅ ሊቅ ኤም. ኤስ. ስዋሚናታን የአባቶቻቸው ቤት በዚያው በማንኮምቡ ነው። ነገር ግን ጨዉ የሚያጸዳው ነገር ነበረ። የባሕሩ ውሃ እየገባና እየወጣ ካላጠበው በቀር በቦዮቹ ውስጥ የሚንሳፈፈው አረም አይሞትም፤ የእርሻው መድኀኒትና ማዳበሪያም በቆመ ውሃ ውስጥ ይከማቻል፤ በጨውና በጣፋጭ ውሃ መካከል የሚመላለሰው ዓሣና ሽሪምፕም መንገዱ ይዘጋበታል። ስለዚህ ገበሬው በሮቹ እንዲዘጉ፥ ዓሣ አጥማጁና ዛጎል ለቃሚው እንዲከፈቱ ይሻሉ፤ በሮቹ የሚከፈቱበት ቀን በየዓመቱ የክርክር ምክንያት ነው።

የመንደሩ መልክ ከዚያ ወዲህ ተለውጦአል። ሩዝ ወደ ገበያ ይጭን የነበረው ኬቱቫላም፥ ሳንቃው ያለ ምስማር ከኮኮናት ቃጫ በተፈተለ ገመድ የተሰፋው ትልቅ ታንኳ፥ መኪና መንገድ ሲገባ ሥራ ፈታ፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ መኝታ ቤት ተሠርቶበት ቱሪስት የሚዞርበት ሆነ። የመንደሩ ወጣቶች ወደ ባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ይሄዳሉ፤ በወንዙ ዳር የሚታዩት አዳዲስ ቤቶች የሩዝ ሳይሆኑ የዚያ ገንዘብ ናቸው። ሩዙን የሚያጭደው መኪና ነው፤ በመሆኑም ሴቶቹ ከአውድማ ያገኙ የነበረው ድርሻ ቀረ፤ ከአጨዳው ጋር የተያያዘው ዘፈንም አብሮ ሊጠፋ ቀረበ። አጨዳው ሲያልቅ የወደቀውን ፍሬ የሚለቅሙ የዳክዬ መንጎች ግን እረኞቻቸው እየነዱአቸው ዛሬም ይመጣሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 የኩታናድን ከባሕር ወለል በታች የሚከናወን እርሻ በዓለም የታወቀ የእርሻ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

በነሐሴ 2018 በኬራላ ላይ የወረደው ዝናም ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከተራራው የወረደው ውሃ ሁሉ ማረፊያው ኩታናድ ስለ ሆነ ክትሮቹ በየቦታው ተናዱ፤ የአገሩ ሕዝብ በአብዛኛው በጀልባና በጭነት መኪና ወደ አላፑዛና ወደ ቻንጋናሴሪ ተሰደደ፤ በቻምፓኩላም ውሃው ከመኖሪያ ቤቶቹ ውስጥ ገባ። ውሃው ሲጎድል ሰዎቹ ተመልሰው ጭቃውን ከቤታቸው ጠረጉ። ከዚያም እንደ ወትሮው በሁለቱ ዝናሞች መካከል ክትሩን በታንኳ መዞር፥ የፈረሰውን በጭቃ መሙላትና የውሃ መግፊያዎቹን መትከል ጀመሩ።